«ማን ጠቀሰው?» ተብሎ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ መምህራን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ ስድስት ገጽ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ማን ጠቀሰው?» ይላል። ጸሐፊው በዕድሜም በማስተማርም ይበልጡኛል፤ ስማቸውን የማላነሣው ጉዳዬ ከሐሳባቸው ጋር ስለሆነ ነው። የሚመረምሩት የአንድ ባልደረባዬን የኅትመት መዝገብ ነው። ባልደረባዬ የሚያጠናው፣ ሰው ስልክ ደውሎ በአማርኛ እየተናገረ ከኮምፒውተር ጋር ተነጋግሮ ጉዳዩን የሚጨርስበትን ዘዴ ነው፤ በሙያው አጠራር የንግግር ምልልስ ሥርዓት ይባላል።

የጸሐፊው ፍርድ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአሥር ዓመት የታተሙት ሥራዎች 11 ብቻ ናቸው። ሁሉም ተደምረው በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱት 100 ጊዜ አይሞላም። የሥራውን ብዛትና የመጠቀሱን መጠን በአንድ የሚለካው ቁጥር፣ ኤች-ኢንዴክሱ፣ 4 ነው። አብዛኞቹ የወጡት በጆርናል ሳይሆን በኮንፈረንስ ነው። በ2014 እና በ2016 ዓ.ም. አንድም አላተመም። በብዙዎቹ ላይ ስሙ መጀመሪያ አልተጻፈም። ራሱንም ይጠቅሳል። ርእሱ ወሎ ላይ ታጥሮ የቀረ ነው፤ እሱም ቢሆን ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ «ተፅዕኖ የሌለው መዝገብ» ነው።

እኔ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቢሮ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ዝም ብዬ ላልፈውም አስቤ ነበር። ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ግን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ቢሮ መጥታ «ቲቸር፣ ርእሴን ብቀይር ይሻላል?» አለችኝ። ርእሷ የአማርኛ የስልክ ንግግር ነው። ምነው ስላት ያንን ስድስት ገጽ ከቦርሳዋ አወጣች። መልስ ያስፈልገዋል ያልኩት ያኔ ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ቁጥሩ ራሱ ተሳስቷልና። ጸሐፊው የቆጠሩት ከጉግል ስኮላር ነው። ጉግል ስኮላር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ጽሑፎችንና ማጣቀሻዎቻቸውን በማሽን እየሰበሰበ ያሳያል። ማሽኑ ሰውን የሚለየው በላቲን ፊደል በተጻፈ ስም ነው፤ የመጀመሪያውን ስም ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ፊደል ያሳጥረውና የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዘዋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ከስማችን ቀጥሎ ያለው የአባታችን ስም ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ «ሰይድ!» ብሎ የተጣራ ሰው ስንት ራስ እንደሚዞርለት የአገሬ ሰው ያውቃል። ሰይድ፣ መሐመድ፣ አሕመድ፣ ሁሴን የሚሉት ስሞች በላቲን ሲጻፉ እያንዳንዳቸው ሦስት አራት መልክ አላቸው። ፓስፖርቱ በአንዱ ይጽፋል፣ ዲግሪው በሌላው፤ ኮንፈረንሱ የላክንለትን ያትማል፣ እኛም ስንልክ አንድ ዓይነት አንልክም። የባልደረባዬ ስም በሦስት አጻጻፍ ታትሟል። ጸሐፊው ያገኙት አንዱን ነው። ሁለት ማታ ተቀምጬ ሦስቱን ስደምራቸው ሥራዎቹ 14 ሆኑ፣ ኤች-ኢንዴክሱም 6 ሆነ። እዚህ ላይ ባልደረባዬም ከወቀሳ አያመልጥም። ኦርሲድ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለማንኛውም ተመራማሪ በነፃ የሚሰጥ መለያ ቁጥር አለ፤ አንድ ከሰዓት ቢሰጠው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የሰውን የሥራ ዘመን በቁጥር ሊዳኝ የተቀመጠ ሰውም ግን ቢያንስ የሰውየውን ስም አጣርቶ መፈለግ ነበረበት። ባልደረባዬ ያለው እሳቸው ካሉበት ሁለት በር አልፎ ነው።

«6ም ቢሆን ትንሽ ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ። ትንሽ ነው፤ አልክድም። ኤች-ኢንዴክስን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ሆርሔ ሂርሽ የሚባሉ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 6 ጊዜ የተጠቀሱ 6 ጽሑፎች ካሉት ኢንዴክሱ 6 ነው ይባላል። ሂርሽ በዚያው ጽሑፋቸው ውስጥ የፊዚክሱን ኤድዋርድ ዊተንን 110፣ የሥነ ሕይወቱን ሰሎሞን ስናይደርን 191 ብለው አስፍረዋል። ስናይደር ከዊተን ይበልጣሉ የሚል ሰው የለም፤ የሥነ ሕይወት ሰዎች በርክተው ስለሚጽፉና እርስ በርስ ስለሚጠቃቀሱ ነው። አንድ ቁጥር የአንድን ሰው ብዙ መልክ ያለው ሥራ በግርድፉ ብቻ እንደሚያሳይ፣ ሰውን ለመመዘን ሌላ ብዙ ነገር አብሮ መታየት እንዳለበትም ራሳቸው ጽፈዋል። ጸሐፊያችን መለኪያውን ተውሰው የመለኪያውን ባለቤት ማስጠንቀቂያ ትተውታል።

ሳይቴሽን፣ ማለት መጠቀስን፣ መቁጠር ራሱ ከየት እንደመጣ ማስታወስም ይጠቅማል። ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1955 ሐሳቡን ያቀረበው የአሜሪካ ጠበቆችን መዝገብ አይቶ ነው። ጠበቆቹ አንድ ፍርድ ኋላ በሌላ ችሎት ጸንቶ እንደሆነ ወይም ተሽሮ እንደሆነ የሚያገኙበት መዝገብ ነበራቸው። ጋርፊልድም አንባቢ አንድን ጥናት ከማመኑ በፊት ማን እንደተቸው፣ ማን እንዳረመው ዱካውን ተከትሎ እንዲያገኝ ፈለገ። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በእስልምና ትምህርት ማዕከሎቻችን፣ በዳና ወይም በጀማ ንጉሥ፣ የቀራ (የተማረ) ደረሳ ኪታቡን ከየትኛው ሸኽ እንደቀራ፣ ያ ሸኽም ከማን እንደቀራ ወደ ኋላ ቆጥሮ ይነግራችኋል። የሚቆጥረው ዕውቀቱ በማን በኩል እንደመጣ ለማሳየት ነው። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ሸኹ ይከብራል ብሎ የሚደምር ግን አላየሁም።

አንድ ሥራ 100 ጊዜ እንዲጠቀስ በዚያው ጉዳይ ላይ የሚጽፉ በርካታ ሰዎች መኖር አለባቸው። በእንግሊዝኛ የንግግር ምልልስ ላይ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው፤ ሲግዳያል የሚባለው የመስኩ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2000 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በአማርኛ ንግግር፣ ያውም በምልልስ ላይ የሚጽፈው ግን አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ወንበር የሚተርፍ ይመስለኛል። ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ ባቲ የወረደ ሰው መቶ ሰው ሰላም ይለዋል፤ ማክሰኞ የወረደ ፍየል ጠባቂ ብቻ ያገኛል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው።

የኮንፈረንሱን ነገር አላስረዝምም። በሕክምና ወይም በታሪክ ትምህርት ኮንፈረንስ ማለት አጭር መግለጫ ልኮ ማቅረብ ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር ሳይንስ ግን የሚገመገመው ሙሉው ጽሑፍ ነው፤ ኤሲኤል የሚባለው የቋንቋና የኮምፒውተር ጥናት ጉባኤ በዋናው መድረክ የሚቀበለው ከሚላክለት አብዛኛውን ጊዜ ከአራት አንዱን ያህል ነው። ዛሬ ቻትጂፒቲን የተሸከመው፣ ትራንስፎርመር የሚባለው ንድፍ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበው በኮንፈረንስ ነው። ገንዘብ ከፍለው በሁለት ሳምንት «ዓለም አቀፍ ጆርናል» ላይ የሚወጡ ጽሑፎችን ሁላችንም እናውቃለን፤ ባልደረባዬ ያንን መንገድ አልሄደም። ጸሐፊው ይህን እንደ ድካም የቆጠሩት ከልማድ ይመስለኛል። ደግሞም ከዚህ አካባቢ ኮንፈረንስ መሄድ ቪዛ፣ የመመዝገቢያ ዶላር፣ የአውሮፕላን ትኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አይሲኤልአር የሚባለው ታላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ አዲስ አበባ ሊካሄድ ተወስኖ ስንት ወጣት ተደስቶ ነበር፤ ኮቪድ መጣና በኢንተርኔት ብቻ ሆነ።

«በ2014 እና በ2016 አንድም አላተመም።» ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፉት ሰው በ2014 እዚሁ ነበሩ። በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ። ወልድያና ቆቦ ከዚያም በፊት ወራት አሳልፈዋል። ስንመለስ የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች አልነበሩም። ከሦስት ዓመት በላይ የተቀዳው ድምፅ የተረፈው የባልደረባዬ ባለቤት ሃርድ ዲስኩን በሕፃን ልብስ ጠቅልላ ይዛ ስለወጣች ነው። ለ2016 ደግሞ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ጽሑፍ መላኪያ ቀን የዓለሙን ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ የእኛን አይጠብቅም። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነጥብ አልጽፍም።

አሁን ወደ ዋናው እመጣለሁ፤ «ርእሱ ወሎ ላይ ታጥሮ የቀረ» ወደሚለው። ጸሐፊው «አማርኛ አንድ ነው፤ በመደበኛው ቢሠራ ለሁሉም ይሆን ነበር» ይላሉ። የቋንቋ አጥኚዎች አማርኛን ብዙ ጊዜ በአምስት ዘዬ ይከፍሉታል፤ ጎንደር፣ ጎጃም፣ መንዝ፣ ወሎ፣ አዲስ አበባ። በጽሑፍ አንድ መምሰሉ እውነት ነው። ስልክ ላይ ግን የሚመጣው ጽሑፍ አይደለም፤ ሰው ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ባልደረባዬ የመጀመሪያውን የገበያ ዋጋ መጠየቂያ ሲሞክር ባቲ አብሬው ወርጄ ነበር። ባቲን የመረጠው ሰኞ ሰኞ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው አንድ ሜዳ ላይ ስለሚገናኝ ነው። ሥርዓቱ ስልኩን ያነሣና «የምን ዋጋ ማወቅ ይፈልጋሉ?» ይላል፤ ሰው «የቅቤ» ወይም «የማሽላ» ይለዋል ተብሎ ታስቧል። አንዲት ቅቤ የሚሸጡ እናት ስልኩን ተቀበሉን። ድምፁን እንደሰሙ «እንዴት አደርክ ልጄ? አማን ነህ? እናት አባት አማን ናቸው? ቀየው፣ ከብቱ?» ማለት ጀመሩ። ማሽኑ «ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለ። እሳቸው ሰላምታቸውን እንደገና ጀመሩ። ማሽኑ እንደገና አቋረጣቸው፤ በሦስተኛው «እናመሰግናለን» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እማማ ስልኩን መለሱልንና «ሰላምታ የማይቀበል ልጅ ምን ዋጋ ይነግረኛል?» አሉ።

ያ ጥያቄ አንድ ሙሉ የምርምር ጽሑፍ ሆኗል። በመስኩ በብዛት የሚጠቀሱት ሥርዓቶች የተሠሩት ደዋዩ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ በሚገባበት አገር ነው፤ ሰላምታውን ከርእስ የወጣ ወሬ አድርገው ይጥሉታል። ባልደረባዬ ማሽኑ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ አጭር መልስ መልሶ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ እንዲገባ አደረገ። መልሱ ምን ይሁን የሚለው ብቻ ሳምንታት ፈጅቷል። «አልሐምዱሊላህ» ቢል አንዱን፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ቢል ሌላውን ያስቀራል፤ ወሎ ቤት ውስጥ ሁለቱም አሉ። በመጨረሻ «ደኅና ነኝ፤ እርስዎስ አማን ነዎት?» የሚለው ተመረጠ። አማን ሁሉንም ያቅፋል።

ሌላም አለ። እኛ ስንስማማ ብዙ ጊዜ ቃል አናወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን አጠር ያለች «እ» እንላለን። የንግግር ማወቂያ ፕሮግራሞች የተሠሩት ወደ ውጭ ለሚወጣ ድምፅ ስለሆነ ይቺን ትንፋሽ እንደ ጩኸት ወይም እንደ ዝምታ ይቆጥሯታል። ማሽኑ «ቅቤ ነው ያሉት?» ይላል፣ ገበሬው በትንፋሹ ይስማማል፣ ማሽኑ ያንኑ ይጠይቃል፣ ገበሬው የበለጠ አጥብቆ ይስባል። አምስት ጊዜ ሲደጋገም አይቻለሁ። ሰው ለሰው ሲነጋገር አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ዝምታ በጣም አጭር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተሠራ የታወቀ ጥናት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ ማለት የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ከአሥሩ ውስጥ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ላኦ፣ ከናሚቢያም አንድ ቋንቋ አለ። አማርኛ የለም። ስለዚህ የእኛ ትንፋሽ በዚያ ዝምታ ውስጥ የት እንደምትወድቅ ማንም አልለካም ነበር። ባልደረባዬ ለካት። ጽሑፉ የተጠቀሰው ጥቂት ጊዜ ነው። እኔ ግን ይህን ሳነብ «አዎ፣ እንዲህ ነን» ብዬ ጠረጴዛ መትቻለሁ።

ሰውን መጥራትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ይበቃል። እኛ ዘንድ ማሽኑ አፉን ሳይከፍት አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ የሚለውን መምረጥ አለበት፤ ገጠር ላሉ አዛውንት ደግሞ «አንቱ» ነው የሚጥማቸው። ለሁሉም «እርስዎ» ቢባል ወጣቶቹ ይስቃሉ፤ ባለሥልጣን የደወለ ይመስላቸዋል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም፤ «ዋጋው ገና አልወጣም» የሚለውን ማሽኑ «ና»ን አጥብቆ ሲያነበው የልደት በዓል ገበያ ውስጥ ይገባል። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ነው ወይስ ያልጠበበው? «ሦስት ሰዓት» ሲባልም ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ሥርዓት ሰውን በጠዋቱ ፋንታ ከቀትር በኋላ ለዘጠኝ ሰዓት ይቀጥረዋል። እነዚህ ሁሉ ወሎ ላይ ተገኙ እንጂ ወሎ ላይ አይቀሩም። እንዲያውም አብዛኞቹ አማርኛ በሚነገርበት ሁሉ የሚገጥሙ ናቸው። ጠባብ የተባለው ጥናት ያገኛቸው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ስላዳመጠ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራውን 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር የምታውቁ ትኖራላችሁ። በነፃ ይደወላል፣ በአማርኛም ይናገራል፤ ትልቅ ነገር ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን የሚሠራው ቁጥር በመጫን ነው፤ ይህን ለመስማት 1ን፣ ያንን ለመስማት 2ን። ዓይናቸው የደከመ ሰው ስልኩን ከጆሮ አውርደው ቁጥር ፈልገው ሲጫኑ ቀጣዩ መልእክት አልፏቸዋል። ከመጫን ወደ መናገር ለማለፍ የሚያስፈልገው ዕውቀት ባልደረባዬ የሚለቅመው ዓይነት ነው።

«ቻትጂፒቲ መጥቷል» ለሚለው፣ አዎ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 መጥቷል፤ አማርኛም ይጽፋል። መጻፍና መስማት ግን ለየብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ቻትጂፒቲን የሠራው ድርጅት ዊስፐር የሚባል የንግግር ማወቂያ አውጥቷል። የሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከዚህ ውስጥ እንግሊዝኛ ላልሆኑት 96 ቋንቋዎች ሁሉ የደረሳቸው 117,000 ሰዓት ነው። ፍለርስ በሚባለው መፈተኛ ለአማርኛ ያስመዘገበው የቃል ስሕተት ከ100 በመቶ በላይ ነበር። ስሕተት እንዴት ከመቶ ያልፋል ለሚል፦ የጎደለው ቃል፣ የተለወጠው ቃልና ማሽኑ ከራሱ የጨመረው ቃል ሁሉ ይቆጠራል፤ ያልተባለ ሲያበዛ ከመቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሜታ ከ1,100 በላይ ቋንቋ የሚሰማ ሞዴል አቀረበ፤ አብዛኛው የሠለጠነበት ድምፅ የአዲስ ኪዳን ንባብ ነው። በእርጋታ የሚነበብ ቅዱስ መጽሐፍ ሌላ፣ ግመል እየጮኸ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚናገርበት የባቲ ሜዳ ሌላ። ታላላቆቹ ሞዴሎች የባልደረባዬን ሥራ አላስቀሩትም። ይበልጥ እንዲፈለግ አድርገውታል።

ስሙ መጀመሪያ ያልተጻፈው ተማሪዎቹን ስለሚያስቀድም ነው፤ ቀጂውም፣ ጸሐፊውም፣ ፕሮግራም ሠሪውም እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው ዛሬ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ የሚያስተምሩ አሉ። የሐይቁ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከእነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተለይተው አይታወሱም፤ መምህር በደቀ መዝሙሩ መታወቁ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ራሱን ይጠቅሳል የሚለው ክስ ደግሞ፣ ከእሱ በፊት የተሠራ ከሌለ የትናንቱን ጽሑፉን ሳይጠቅስ የዛሬውን እንዴት ይጽፋል?

እስካሁን ጸሐፊውን ስሞግት ቆየሁ። አንድ ነገር ግን አለ፤ እሳቸው በጎን አልፈውት የሄዱት፣ እኔ ለባልደረባዬ ፊት ለፊት የነገርኩት። ሥራው ያልተጠቀሰበት ትልቁ ምክንያት የቀዳው የሰዎች ድምፅ ለሌሎች ስላልተለቀቀ ነው።

በዚህ መስክ ከሐሳብ ይልቅ የሚጠቀሰው ዳታ ነው። ፒትስበርግ ውስጥ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የከተማ አውቶቡስ ሰዓት የሚጠይቁ ደዋዮችን የሚመልስ ሥርዓት ለሕዝብ ከፍቶ ነበር። የተጠራቀመውን ምልልስ ለተመራማሪዎች ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያ ዳታ ላይ ዓለም አቀፍ ውድድር ተካሄደ፣ የተወዳደረ ሁሉ ጠቀሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከኬምብሪጅ የወጣው፣ መልቲዎዝ የሚባለው የዳታ ስብስብ ወደ 10,000 የሚጠጉ ምልልሶች ይዞ ነው የመጣው፤ ከዚያ በኋላ በመስኩ የሚጽፍ ሰው ሳያነሣው አያልፍም። ከራሳችንም አለ። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ሊዝበን ላይ ያቀረቡት የአማርኛ ድምፅ ከ100 ሰዎች የተቀዳ 20 ሰዓት ንባብ ነው። ዛሬ ማንም በነፃ ያወርደዋል። ባልደረባዬ ራሱ የጀመረው በዚያ ነው፤ በእያንዳንዱ ጽሑፉም ይጠቅሳቸዋል።

እሱ የቀዳው ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ይህን በሰነፍነት አላደረገውም። ከገበያተኞቹ ጋር የተፈረመው ወረቀት «ለዚህ ጥናት ብቻ» ይላል፤ ፊርማ የማይችሉት በአሻራ አጽድቀውታል። ባቲ ውስጥ ሰው በድምፁ ይታወቃል። ስሙን አውጥተህ ድምፁን ብትተወው እንኳ ጎረቤቱ ይለየዋል፤ ስለ ዕዳ፣ ስለ ልጅ ሕመም የተወራም በመሃል አለ። ያለፈቃድ መልቀቅ ክሕደት ነው። ቢሆንም አሥር ዓመት ፈቃዱን እንደገና ሳይጠይቅ መቆየቱ ስሕተት ነበር፤ እሱም ተቀብሎታል። ጸሐፊው «ማን ጠቀሰው?» ከማለት «ማን እንዲጠቀምበት ተሰጠ?» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

አሁን ሰኞ ሰኞ አዲስ የስምምነት ወረቀት ይዘን እንወርዳለን። ሁሉንም ማግኘት አልተቻለም። አንዳንዶቹ አርፈዋል፤ ቤተሰብ መጠየቅ ይበቃል ወይ የሚለውን ገና አልወሰንንም፤ ለጊዜው የእነሱን ድምፅ ለይተን አስቀምጠናል። ከተገኙት አብዛኞቹ ፈቅደዋል፣ እምቢ ያሉም አሉ፣ የእነሱ ይወጣል። ቅቤ የሚሸጡት እናት አሁንም እዚያው ቦታ ናቸው። ድምፃቸው የት እንደሚሄድ ሁለት ጊዜ አስደግመው ጠየቁና፣ ዘመድ ያማሁበት ካለ ቁረጡት ብለው አሻራቸውን አስቀመጡ።

ለጸሐፊው የሰላምታውንና የትንፋሹን ጽሑፍ ሁለት ቅጂ አትሜ በቢሯቸው ጸሐፊ በኩል ልኬላቸዋለሁ። ተማሪዋ ርእሷን አልቀየረችም። ከፈቀዱት ሰዎች ድምፅ እያዳመጠች ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ በመገልበጥ ላይ ናት፤ ትንፋሿን «እ» በምን ምልክት እንጻፋት በሚለው ገና አልተስማማንም።